ቁርቁራው ጋ ሲደርስ

ቆቦ ዝርግ አገር ናት፤ አስፋልቱ ላይ ቆሞ
ወደ ዞብል ላየ፣ ማሽላ ነው ቀድሞ፣
ማሽላ ነው ደግሞ፣
ከዚያ ወዲያ ተራራው፣ ሰማይ ተሸክሞ።

እኔ በማዘጋጃ ቤት የሜትር ያዥ ነኝ፤
ቀኑን ሙሉ "ሳብ፣ ልቀቅ" የሚል ነው የሚያዘኝ።
ካስማ እተክላለሁ፣ ቀይ ክር አስራለሁ፣
ኖራ በጣሳ ይዤ መስመር አሰምራለሁ።
ከወልድያ አላማጣ የሚያልፈው ጎዳና
በኔ እጅ አልተለካም፤ እሱ የመኪና፣
የሲኖትራክ፣ የአይሱዙ፣ የነጋዴ ሩጫ፤
ለኔ የደረሰኝ የእግረኛ መርገጫ፣
የባጃጅ መዞሪያ፣ የጋሪ ማቋረጫ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ ከወፍጮ ቤት ጓሮ
መናፈሻ ይሁን ተባለ ሜዳው፣ ታጥሮ፣
ኒም ተተክሎበት፣ አግዳሚ ተደርድሮ፣
መሐሉ ኮብል ንጣፍ፣ ከበር እስከ በር
ቀጥ ያለ፣ እንደ ገመድ፣ እንደ ተወጠረ ክር።

ወረቀቱ ቀጥ ነው። ሜዳው ግን ጠባሳ፣
እግር የፋቀው መስመር፣ ዝናብ የማያስረሳ፣
አለው በሆዱ ላይ፤ ከወፍጮው ተነሥቶ
እስከ ገበያው ጫፍ ይሄዳል አቅንቶ፤
መሐል ላይ ሲደርስ ግን፣ ድንጋይ ሳይኖር፣ ጉድጓድ፣
እንደ ማጭድ ጎብጦ ይዞራል ያ መንገድ፤
አሥር እርምጃ ዞሮ ይመለሳል ደግሞ፣
ለሽማግሌ ክብር ጥግ እንደ ያዘ፣ ቆሞ።

ቀዩን ክር ወጠርኩት። ማለዳ ስመለስ
ካስማው እንደ ቆመ፣ ክሩም ሳይበጠስ፣
ዱቄት የተሸከሙ፣ አህያ የሚነዱ፣
ሁለት ተማሪዎች በአንድ ጃንጥላ ሲሄዱ፣
ሳያዩ፣ ሳያስቡ፣ እያወሩ ጨዋታ፣
ሁሉም ዞር ይላሉ ሲደርሱ ከዚያች ቦታ።

"ምን አለ እዚህ?" አልኩት አያ ይመር ሙሄን፣
በወፍጮ ቤቱ ደጅ የሚሰፋ ጆንያን።
መርፌውን ሳይነቅል፣ ቀና ሳይል ብዙ፣
"ቁርቁራው ነው" አለኝ፣ "እሾሁ፣ መዘዙ።"
"የታለ ቁርቁራው?"
"ተቆርጧል፤ ድሮ ነው፤
ጦይባ ሳታገባ፣ ጥርሴ ሙሉ ሳለ ነው።
ለሆርማት መሻገሪያ ጎትተው ወሰዱት፤
ጎርፍ በላው በሦስት ቀን፣ ማንም ሳይሻገርበት።"
"ሥሩስ?"
"ምስጥ በላው።"
"ታዲያ ለምን?" አልኩት፣
"ለምን ይዞራል ሰው?" በቀረችው ጥርሱ
ክሩን ሲበጥስ አየሁት።

"እናት እሾህ ፈርታ ሳበች የልጅ እጅ፤
ያም አድጎ፣ ሳያውቀው፣ ሳበ የራሱን ልጅ።
እሾሁ ሞተ እንጂ እጁ አልተለቀቀ"
አለና፣ ጆንያውን እላዬ ላይ አራግፎ ሳቀ።

ያን ዕለት ማታ፣ ሜትሬን ጠቅልዬ፣
መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ባትሪዬን ረስቼ ጥዬ
አቋርጬ ስሄድ በሜዳው መካከል
እግሬ ወደ ግራ ዞረ፣ "ዙር" ሳልል።
እኔ፣ የመርሳ ልጅ፣ ግንዱን የማላውቅ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ስረግጥ ሳልጠይቅ።
ቆሜ ወደ ኋላ ዳሰስኩት አየሩን፤
ምንም። ነፋስ ብቻ፣ ሲገፋ ማሽላውን።

በነጋው ሦስት ካስማ አምስት ክንድ ገፋሁ፤
ክሩን አላልቼ ከመንገዱ ተስማማሁ።
ከወልድያ መጥታ ኢንጂነር ሰዓዳ
አየችው መስመሩን፤ ጠየቀች ተናዳ፦
"ይሄ ለምን ጎበጠ? ኮብል በካሬ ነው፤
ትርፍ ድንጋይ ይበላል፤ በጀቱን ማን ሊከፍለው?"
"ዛፍ አለ" አልኳት።
"የታለ?"

ዝም አልኩ። እሷም ፕላኗን ዘርግታ
በሜዳው ላይ ሄደች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ ለአፍታ፤
ቁርቁራው ጋ ስትደርስ
ዞር አለች በዝግታ።

ኮብሉ ገና አልመጣም። ከተተከለው ኒም
ፍየል የማረችው አሥራ አንድ ነው፤ አይከፋም።
ቀዩን ክሬን ወፎች ለጎጆ ወስደዋል፤
ካስማዬ ላይ አንዱ ጥጃ አስሮበታል።
ሰው ይመጣል፣ ይዞራል። አያ ይመር ሙሄ
ጆንያ ይሰፋል።