ለይትባረክ፣ ጀጎል ከመግባቱ በፊት

ይትባረክ ወንድሜ፣ ሻንጣህን ስትሸክፍ
ከሹራብህ መሐል ይህንንም እጠፍ።
እማዬ የቋጠረችውን በሶ ተወው አልልም፤
በሶ ብቻ በጥብጦ ግን ሐረርን ያወቀ የለም።

መጀመሪያ እጅህ። ግራኝ ነህ፣ አውቃለሁ፤
ስንቴ ከገበታ ላይ ከክርንህ ተጋጭቻለሁ።
እዚያ ግን ቀኝህ ይቅደም፤ ለጉርሻም፣ ለሒሳብም፤
ግራህ ጭንህ ላይ ይረፍ፣ ቆጣሪ ስትተክል አይቦዝንም።
ደግሞ በሰፈር ስምህ "ግራኙ ነኝ" እያልክ
ከሰው አትተዋወቅ፤ ቃሉ እዚያ ሌላ ነው፣ ታስቀይማለህ ሳታውቅ።

ከፋሲካ ወዲያ ሥጋ ሲያምርህ ቀና በል ወደ ታፔላ፤
መስቀል አለ ባንደኛው፣ ጨረቃ አለ በሌላ።
ተሳስተህ ብትገባም ማንም አያታልልህም፤
"የሙስሊም ነው፣ ወንድም" ይልሃል፤ አይቆጣም፣ አያፍርም፤
"ያ ወንበር ይወዛወዛል፣ ይሄኛውን ሳብ" እንደማለት።
ብትበላ ያንተ ጉዳይ፤ እኔ ለእማዬ አልነግራት።
ድሬ ላይ ጥብስ ካዘዝክ ግን "የምን?" ብለህ ጠይቅ፤
ግመል ሊሆን ይችላል፣ ኋላ ከምትጨነቅ።

አርብ ስድስት ተኩል ላይ ለምሳ ብለህ አትውጣ፤
አብሳዩ መስጊድ ነው፣ ጠብቅ እስኪመጣ።
ከስምንት ወዲያ አታጣድፍ፤ ጫቱ ቀርቧል፣
ሻይ ያዘዝከው ልጅ መልክህን ረስቶታል።

አሁን ዋናው። የምትደርሰው በረመዳን ነው፤
የኛም ሁዳዴ ገብቷል፣ ሁለቱ ተገጣጥመው።
እኔንም እንዲሁ ገጥሞኝ ነበር፣ ኦዲት የሄድኩ ጊዜ።
መኪና ግርግር ጀርባ፣ በጠባቧ መንገድ፣ ከግድግዳ ጥላ ይዤ
ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ የኔ ጾም ተፈቷል፤
ዳቦዬን ከቦርሳ ላወጣ ስል አንድ በር ተከፍቷል።

ጊስቲ ሩቂያ። እጇ ሊጥ፣ ሻሿ ብርቱካን ቀለም።
"ግቢና ተቀምጠሽ ብዪ፤ ግድግዳ ሥር አያምርም።"
ከመጋረጃ ጀርባ ምንጣፍ አነጠፈችልኝ፤
ውሃ፣ እሷ የማትጠጣውን፣ ቀድታ ሰጠችኝ።
ከንፈሯ ደርቆ ነበር።
ብርጭቆውን መልሼ አስቀመጥኩት።

"ምነው?"
"እኔም ጾመኛ ነኝ" አልኩ።
ውሸት አልነበረም፤ ሰዓቱን ብቻ ገፋሁ።

ያኔ ሥራ ሰጠችኝ፣ የሳምቡሳ ሊጥ ማጠፍ።
የኔ ሦስት ማዕዘን አራት ሆኖ ሲከፍት አፍ
ሳቀች፤ ልጇ ዚያድም ሳቀ።
ምስሩን ለብቻ ቀቀለች፤ ዘይቱን ገለበጠች፤
ሥጋ ነክቶት የማያውቅ መጥበሻ ከጎረቤት አስመጣች፣
እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረች። "የጾም መጥበሻ" አለችው።
"የማን ጾም?"
"ጾም ጾም ነው፤ ብቻ አታሳርሪው።"

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ሾርባው ክዳኑን ይገፋል።
ድመቷ እንኳ በሩን ታያለች።
ከዚያ አዛን፤ ካንዱ ጣሪያ፣ ከሌላው፣ ከሌላው ደግሞ።
ሁላችንም ዝም። የዚያድ እጅ ቀድሞ
ቴምሩን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹን ወደኔ፣
ፍሬውን ወደ ኪሱ። ለካ ቀኑን የሚቆጥረው በፍሬ ነው፤
አሥራ ሁለት ደርሶ ነበር።

ስለዚህ በቀን ቢርብህ ክፍልህ ገብተህ ብላ፤ መንገድ ላይ አታኝክ።
ለማፍጠሪያ ቢጠሩህ ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ሙዝም ይበቃል፣ አትጨነቅ።
ሩቂያን ጠይቅ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ያውቋታል፤
"የኦዲተሯ ወንድም ነኝ" በላት፣ ያ ይበቃል።
መጥበሻው ክሩ ካለ፣ እሰየው።
ካረጀም፣ ከተበጠሰም፣
አዲስ ክር ጠቅልዬልሃለሁ፤
ከበሶው ከረጢት ሥር ነው።