ኖራ

ኤቮራ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣ ማለዳ፤
ቀለበቱን ሊያወጡ በሳሙና ታገሉ ከዴኦሊንዳ።
በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ጣቷን ልጦ፣ ወጣ።
"ማግኔት ነው" አለች ኪቴሪያ፣ የማሽኑ ሠራተኛ፣
"ትከሻሽ እንዳይነቃነቅ፤ ሃያ ደቂቃ ይተኛ።"
ሦስት ወር እንቅልፍ የነሳት ትከሻ!

ገባች። ቀፎው ጠበባት። ቋ ቋ ቋ፣ ድም፣ ድም፤
አሮጌ ልስን ስትፍቅ እንኳ እንዲህ ያለ ጩኸት አታውቅም።
በልቧ ቤት ቆጠረች፦ የቄሱን፣ የዳቦ ጋጋሪውን፣ የሁለቱን መበለቶች፣
በየሚያዝያው በረጅም ብሩሽ ያነጣቻቸውን፣
ጠርዛቸውን በሰማያዊ የከፈፈቻቸውን ቤቶች።

ስክሪኑ ላይ፣ ከጅማቷ መሐል፣ አንዲት ጥቁር ጠብታ፣
ምስር የምታህል፣ ድምፅ የዋጠች፣ ጸጥታ።
"ካልሲየም ነው" አለ ሐኪሙ፤ "የኖራ ዘመድ።"
"ታዲያ ኖራ ነጭ አይደል?"
"ራጅ ላይ ነጭ ነው። ይሄ ማሽን ግን የሚያዳምጠው ውኃን ነው፤
ውኃ የሌለው ነገር እዚህ ዝም ነው።"
"የሰው ኖራ ሰረቀች ብለው እንዳይከሱኝ!"
ሳቀች፤ ሳቁ ትከሻዋ ላይ ወጋት።
"በራሱ ይሟሟ ይሆናል፤ ሕመሙ ግን የሚብሰው ሲሟሟ ነው።"
ይህንንስ ታውቃለች፤ ጉድጓድ ውስጥ ስንቴ አይታለች፣
ድንጋዩ ውኃ ሲነካው እንዴት እንደሚፈላ።

የሰው ግድግዳ ስትቀባ ኖራ፣
ለራሷ የቀረቻት አንዲት ምስር፣ ጥቁር ኖራ።

አውቶቡስ ስትጠብቅ የሆስፒታሉን አጥር አየችው፤ ተልጧል።
ቀለበቱ ኪሷ ውስጥ፣ በደህናው እጇ ዳሰሰችው፦
"ሁለት እጅ ይበቃዋል።"