መንገድሽን ጨርቅ ያርገው

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ናራያንጋንጅ፤
ጋዙ አስም እንዳለበት ሽማግሌ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣
የመለኪያው መርፌ ወደ ዜሮ ሮጦ፣
ቦይለሩ ሲያጓራ ሆዱ ባዶ ቀርቶ፣
ቶፋዘል ይመጣል አካፋውን አንሥቶ።

ማገዶው እንጨት አይደል፤
የእጅጌ ትራፊ፣ የአንገትጌ ቅዳጅ፣
መቀስ የናቀው ጥግ፣ የሰማያዊ ጥቅል ልጅ፣
ቀን ስድሳ ሴት ለክታ ቆጥባ የቆረጠችው፣
ሌሊት በጆንያ ወርዶ እሳት የሚለብሰው።

እሳት ልብስ ይለብሳል። ይህን ያየሁ እኔ ነኝ።

ሉትፉናሃር እባላለሁ፤ ሁለት ፎቅ ከፍ ብዬ
ቁጥር እሞላለሁ፤ ይኸው ነው ሙያዬ።
ሠንጠረዥ አለኝ፣ ገዢው ድርጅት የላከው፣
ጠርዙን አረንጓዴ ቅጠል የዞረው።
ለጋዝ አንድ ዓምድ፣ ለናፍጣ አንድ ዓምድ፣ ለመብራት፣
ለጭነት መኪና፣ ለመርከብ፣ ለአለቃው በረራ እንኳ ቦታ አለበት።
ለጨርቅ ግን የለም።
ማን ጠርጥሮ፣ ሸሚዝ ሰፊ ሸሚዝ ይማግዳል ብሎ?

ባለፈው ወር በአንድ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ መጣ።
ሰኞ የመጣው «ጭሱን ቀንሱ» ይላል፤
ሐሙስ የመጣው «ዋጋውን ቀንሱ»፤
ፊርማው ይለያያል፣ አርማው አንድ ነው።
አለቃችን ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ
እንደ መዳፍ አንባቢ ረጅም ሰዓት አያቸው፤
«የቱን ነው የምቀንስ?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፤
ከዚያ መጀመሪያ ለሐሙሱ መልስ ጻፈ።

ካርድ የምታስረው ጁሌኻ ናት፣ ታችኛው ፎቅ፤
ለእያንዳንዱ ሸሚዝ፣ በሰዓት አራት መቶ፣
በቃጫ ክር፣ ቅጠል የታተመበት ካርድ።
ፊደሉ የባዕድ ነው፤ አንድ ቀን ጠየቀችኝ።
«ምን ይላል?»
«እስከ ሁለት ሺህ ሠላሳ ጭሳችንን በግማሽ
እንቀንሳለን ብለን ቃል ገብተናል ይላል።»
ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና፣
«ቃሉ የት ገባ?» አለችኝ።

ጁሌኻ የቦላ ልጅ ናት፣ የደሴት።
አራት ጊዜ ቤት ሠርተው አራቱንም ወንዝ በላው፤
እናቷ ውሃውን በሳሪዋ ጫፍ ነበር የምትለካው፤
እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ሩዙን ወደ ቆጥ፤
እስከ ጉልበት ሲደርስ፣ ልጆቹን ወደ ቆጥ፤
እስከ ወገብ ሲደርስ መለካት ተወች።
ለዚያም ዓምድ የለኝም።

ትናንት ኢንጌላ መጣች፣ የገዢው መርማሪ፣
ጫማዋን ጭቃ የነካው፣ ዓይኗን እንቅልፍ የራበው።
ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን ልጻፍላት።
ጆንያዎቹ በማለዳ ከጸሎት ክፍሉ ጀርባ ተደርድረው፣
ቦይለሩ ያን ቀን የሚጠጣው ናፍጣ ነበር፤
ለእንግዳ ንጹሕ አንሶላ እንደሚነጠፍ።
እሷ ግን ቶፋዘልን አየችው፤ ቅንድቡን፤
ሰማያዊ ብናኝ እንደ ጤዛ ሰፍሮበት።
ቅንድቡን አየች፣ እኔን አየች፣ ሠንጠረዡን አየች፤
እስክሪብቶዋ ከወረቀቱ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ቆመ።
ቶፋዘል የሦስት ልጆች አባት ነው። ዝም አልኩ።
ትንሽ ቆየችና ክዳኑን ገጠመችው።

በር ላይ ስሸኛት መረቅኳት፦
«መንገድሽን ጨርቅ ያርገው።»
ሣቀች፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም።

አውሮፕላኗ ሲነሣ ጋዙ ተቋርጦ ነበር፤
ቶፋዘል አካፋውን አንሥቶ ነበር፤
ጭስ ማውጫው ጨለማው ላይ ሰማያዊ ይሸምን ነበር፤
እጅጌው፣ አንገትጌው፣ ኪሱ፣
ሽቅብ፣ ወደ ሰሜን፣ በእሷው መንገድ።

ምርቃቴ ደረሰ።
እኔም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ
ከናፍጣው ቀጥሎ አንድ ባዶ ዓምድ ከፈትኩ፤
ራሱ ላይ «ጨርቅ» ብዬ ጻፍኩ፤
አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ኪሎ፣ የአንድ ሌሊት።
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።
ገና አላስቀመጥኩትም።