የወንዙ ድርሻ

ኩምሄሊግ ዌልስ ውስጥ ናት፤ ጠባብ ሸለቆ፣
የከሰል ጉድጓዷ አፉ በሲሚንቶ ታንቆ
ዝም ካለ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ።
አዳራሽ አላት፣ ቆፋሪዎች ከሳምንት ደሞዛቸው
ሳንቲም እየቆረጡ ያቆሙት፤
መዋኛ አላት፣ ልጆች ከንፈራቸው ጠቁሮ የሚወጡበት፤
አንድ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ቤት፤
በሦስቱም ላይ የመብራት ሒሳብ እንደ መዥገር ተጣብቆ።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣
ቋንቋዬ ሳይሆን የእጅ ጽሑፌ አምሯቸው የመረጡኝ።
ጋሽ ኤምሊን፣ ጡረተኛው ቆፋሪ፣ በሳልና በሳል መሃል፣
«ያ ከላይ የሚወርደው ጅረት በከንቱ ነው የሚሮጠው፤
አንድ ቧንቧ እናጉርሰው፣ ከታች አንድ ተርባይን ያዙርልን» አሉ።
«ገንዘቡስ?»
«ከእኛ።»
«ከእኛ» የሚለው ቃል ወለሉ ላይ ወደቀ፤
ማንም ጎንበስ ብሎ ሳያነሳው ሻዩ ቀዘቀዘ።

ለእናቴ በስልክ፣ «የመብራት ዕድር ገባሁ» ብላት፣
«ምነው፣ ማን ሞተ?» አለችኝ ደንግጣ።
«ከሰል ነው እማዬ። ከሰል ነው የሞተው።»
«ነፍስ ይማር» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ቀባሪስ አለው?»
«አለው፤ መንደር ሙሉ።»

ስድስት ዓመት።
ፈቃድ፣ የፈቃድ ፈቃድ፣
የዓሣ ባለሙያ፣ የድልድይ ባለሙያ፣ የሌሊት ወፍ ቆጣሪ፤
«ጅረቱን ጨርሳችሁ አትውሰዱ፣ ለዓሣው የሚበቃ ይቅር» የሚል ደብዳቤ።
መረሪድ በባሏ ስም ድርሻ ልትገዛ መጣች።
«ሟች ናቸው እኮ» አልኳት።
«ሳንባውን ሰጥቶ ያበራው የሌላ ሰው ቤት ነበር፤
አሁን በራሱ ስም ይብራ።»
ጻፍኩት። እስክሪብቶው ከበደኝ።
ግዊሊም ደግሞ ቧንቧው በመስኩ እንዳያልፍ
እምቢ ብሎ ሁለት ክረምት ከረመ፤
«ለመዋኛው ነው» ቢሉት፣ «ዋና አልችልም» አለ።
በሦስተኛው ዓመት አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለ፤
ምክንያቱን መዝገቡ ላይ አላሰፈርኩም፣ አልተናገረምና።

የምረቃው ዕለት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ሸማ መሰለ።

ዕድሜ ልኩን ሙሉ ዝናብ የረገመ፣
በጃንጥላ ተወልዶ በካፖርት የከረመ፣
ያ የኩምሄሊግ ሰው አንጋጦ ቆመ፤
አንዲት ዳመና ላይ ዓይኑን ተከለ፣
«ነይልን፣ እባክሽ፣ እንዲያው ለዛሬ» አለ።

የነሐስ ባንዱ ነፋ፤ ሪባኑ ተቆረጠ።
ጅረቱ ለዓሣው የተባለችውን ብቻ ይዞ
በቧንቧው አፍ አጠገብ እንደማያውቀን ሆኖ አለፈ።
መቶ አርባ ሰባት ባለ ድርሻ
ያልዞረ ተርባይን ፊት ኬክ በላን።

አሥራ ዘጠኝ ቀን።
በሃያኛው ሌሊት ጣሪያዬን አንድ ጣት መታው፤
ቀጥሎ ሁለት፤ ቀጥሎ መዳፍ ሙሉ።
በመስኮት ብመለከት መንገዱ በእጅ ባትሪ ተሞልቷል፤
ጋሽ ኤምሊን በፒጃማና በቦት ጫማ፣
መረሪድ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣
ግዊሊም ከውሻው ጋር፣
ቁልቁል፣ ወደ ተርባይኑ ቤት።
ማንም ሳይጠራው ምልዓተ ጉባኤው ሞላ።

ቆጣሪውን ከበብነው።
ዜሮ።
ዜሮ።
ከዚያ አንድ።
ጋሽ ኤምሊንን ሳል ያዛቸው፣ ወይም ሳቅ፤ አልለየሁትም።
ግዊሊም ከበሩ ጀርባ ለውሻው፣
«ታያለህ፣ በእኛ መስክ ነው የመጣው» ሲለው ሰማሁ።

በማግስቱ መዝገቡን ከፈትኩ።
አዳራሹ ይህን ያህል፣ መዋኛው ይህን ያህል፣
ማጠቢያው ገና፤ አንዱ ማሽን ተበላሽቷል።
ከግርጌው ቦታ ተርፎ ነበርና
«መቶ አርባ ስምንተኛ ባለ ድርሻ» ብዬ ጨመርኩ፦
ጅረቱ። ያስቀረው፦ ለዓሣው የሚበቃ።

ፊርማ የሚለው ጋ ስደርስ
ወረቀቱን ይዤ ደጅ ወጣሁ፤
ዝናቡ ላይ
ትንሽ ዘረጋሁት።