ክዳኑ ውጭ ይቀራል

መምህር ዳኘው በር ላይ የለጠፈው ወረቀት፣
አራት ቦታ የተወጋ፣ ማኅተም ያለበት፣
«ካልኩሌተር ይፈቀዳል» ይላል ከራስጌው፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ «ነገር ግን» ነው።
ግራፍ የሚስል አይገባም፣
ጽሑፍ የሚያስቀምጥ አይገባም፣
ክዳኑም ውጭ ይቀራል፤ ሰው ቀመር ይጽፍበታል፤
አምና አንዱ ተማሪ ሙሉ ምዕራፍ አስፍሮበታል።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ከፒያሳ በረንዳ፣
በጠመኔ የምለካ፣ በጠመኔ የምጽፍ ዕዳ።
ከወገብና ከቁመት ሌላ ሳይን ኮሳይን አላውቅም፤
ቢሆንም እንዲህ ላለ ዕቃ ልጅ ብቻዋን አትላክም።
አትጠገብ ቀድማ፣ እኔ እየተከተልኳት፣
ወደ አራዳ ወረድን የጎንደር ዝናብ ሳይቀድማት።

የመጀመሪያው ባለሱቅ ትልቁን አመጣ፣
መስኮቱ የሰፋ፣ ዋጋው ጣራ የወጣ።
«ተራራውን፣ ሸለቆውን ይስላል» ቢለን፣
«መሳሉ ነው ጥፋቱ» ብላ ጎትታኝ ወጣን።

ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ስሙ አንድ ፊደል ይጎድለዋል።
በፀሐይ ይሠራል ተብሏል።
በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው ፀሐዩ ተላጠ፤
ባለሱቁ ቀና ሳይል ጋዜጣ ገለጠ።
እሷ ግን አልለቀቀችም፤
ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት።
ሃያ አለ። እኔም በጣቴ ሃያ ነበር ያገኘሁት።
«አባባ፣ ተሳስቷል። ማባዛት ይቀድማል።»
«ማን ወሰነ?»
«ዓለም ሁሉ ተስማምቷል።»
እኔ ሳልጠየቅ?
ዝም አልኩ፤ በሆዴ ግን ከሃያው ጋር ወገንኩ።

ሦስተኛው የኑርሁሴን፣ ከታክሲ ማቆሚያው ማዶ፣
ያገለገለች አንዲት፣ የሰባቷ ቀለም ሄዶ።
«ሳይን ሠላሳ» ብላ ነካች፤ ግማሽ ነበር የጠበቀችው።
ከዜሮ በታች ወረደች፤
ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ስምንት…
«ትዋሻለች!» አልኩ ሜትሬን ካንገቴ እየሳብኩ፤
ኑርሁሴን ፊቱ ተለወጠ፤ «ወላሂ አላወቅኩ!»
አትጠገብ ሳቀች። «አልዋሸችም እኮ፤
እኔ በዲግሪ ስጠይቃት፣ እሷ በራዲያን መለሰች።»
ሁለት ቁልፍ ነካች።
ዜሮ ነጥብ አምስት፤
ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ ጫፍ ከጫፍ እንደሚገጥም።

ስንቱን ደንበኛ ነው «ዋሸኝ» ብዬ የሸኘሁት፣
እሱ በኢንች ቢነግረኝ፣ በሳንቲም የለካሁት!

ዋጋዋ የአሥራ ዘጠኝ ሱሪ እግር ማሳጠሪያ።
የሰባቱን ከፈልኩ፤ ለቀሪው
የኑርሁሴን ልጆች ዩኒፎርም ይሰፋል።
ክዳኗን ስንገለብጥ በመርፌ የተጫረ ነገር አለ፤
ቀመር መስሎኝ ልፍቀው ስል፣ እጄን ያዘች።
«አትቸኩይ» ይላል።
ማን እንደጻፈው ኑርሁሴንም አያውቅም።

የፈተናው ዕለት ከአጥሩ ሥር ቆሜያለሁ፣
ቀሀን ቁልቁል እያየሁ።
እሷ ከነካልኩሌተሯ ገብታለች፤
ክዳኗ እኔ ዘንድ፣ በኮቴ ኪስ ቀርታለች።
ዝናቡ ጀመረ፤ ዘበኛው «ገና ነው» አለኝ፤
በሩን ላንኳኳ ብዬ እንደገና አነበብኩት።
ለሴት ነው የተጻፈው፤
እኔም ታዘዝኩት።