ገለባ

መብራት ጠፍቷል ዛሬም። ኮምቦልቻ ጨልማ፣
ሙህዲን ፀጉር ቤት በራች አንዲት ሻማ፤
ከመስታወቱ ፊት ወንበሩን አዙረን፣
ስምንት ሰው ሆነናል፣ ምስል ጭምር ቆጥረን።

ሐጂራ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
የጨዋታውን ሕግ ሳምንት ሙሉ ጽፋ፣ ተግታ፣
«በሉ፣ ሰው ፍጠሩ» ስትል በፈገግታ፣
ሙህዲን ቆጣ አለ፤
«ፍጠሩ አይባልም። ሥሩ በይ።»
«እሺ፣ ሥሩ።»

ሦስት የሉዶ ዳይስ በሻይ ብርጭቆ ናጥን፣
ለጉልበት፣ ለማሰብ፣ ለምላስ ዕጣ አወጣን፤
የኔ ተንከባሎ ከማበጠሪያው ዘንድ ሲያርፍ፣
ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት! ጩኸት ጣሪያ ሲቀርፍ።

«ይሄማ ለጉልበት!» አለኝ ተስፋሁነኝ፣
ትከሻዬን መትቶ፣ እንደ ግንብ አይቶኝ፤
«አሊጋዝ ምን ሊሆን? ጋሻ ይስጡት፣ ጥሩር፣
ዘንዶውን በክንዱ ከሁለት የሚሰብር!»

እስክርቢቶ ይዤ ዝም አልኩ።
አንገቴን የሚበላኝ የስንዴው ብናኝ ነው፣
ገና አልታጠብኩም።
ስልሳ ኩንታል ዛሬ በጀርባዬ ወርዶ፣
ማታ ደግሞ ጋሻ? ማታ ደግሞ ዘንዶ?

ጉልበት ከሚለው ፊት አራት ጻፍኩባት፤
አሥራ ስምንቷን ግን ለማሰብ ሰጠኋት።
ሐጂራ ቀና አለች። በቅንድቧ ብቻ ጠየቀችኝ።
በቅንድቤ መለስኩ።

«ምን ይይዛል?»
«እጁን።»
«ስንቅስ?»
«ያገኘው ሰው ያካፍለዋል።»
«የምንሄድበት አገር ወሎ አይደለም እኮ!»
«ይሁን።»

«ስሙስ?» አለች። እዚህ ላይ ቆየሁ።
የጅቡቲ መኪና በውጭ ሲያልፍ፣
ሻማዋ ተንቀጠቀጠች፣ ምላጮቹም በመደርደሪያው።
ፍሬ ስሸከም ነው ዕድሜዬ የነጎደው፤
ከፍሬው ጎን በቅሎ ንፋስ የሚወስደው፣
ሚዛን የማይጠራው፣ ጫኝ የማይፈልገው፣
አውድማውን ትቶ ሽቅብ የሚበነው...
«ገለባ» ብዬ ጻፍኩ።

ሳቁብኝ። ስድብ ነዋ።
«ሰው የሠራውን ሰው ገለባ ይለዋል?»
አለ ተስፋሁነኝ፤ የሱው «አንበሳው» ይባላል።
እኔም ሳቅሁ። ግን አልሰረዝኩትም።

ጉዞው ተጀመረ። «ከዋሻው አፍ» አለች፣
«ትልቅ ድንጋይ አለ፣ በሩን የዘጋ።»
የሁሉም ዓይን ወደኔ ዞረ፣
እንደ ልማዱ።

ጫማዬን ፈታሁ። እግሬን ዘረጋሁ።
«ገለባ» አልኩ፣ «ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤
እስክታነሱት ድረስ ደመና ይቆጥራል።»