የገብስ ዱቄት ዕዳ

ከተማችን ነዶ፣ በሩ ዐመድ ሆኖ፣
ባለርስቱ ሁሉ ሰንሰለት ተጭኖ
ወደ ባቢሎን ሲጋዝ፣
እኛን ድሆቹን ተዉን፣ ወይኑን እንድንገርዝ።
ለምርኮ እንኳ አልበቃን።

እኔ ኔሪ ነኝ፣ የሸክላ ሠሪው ልጅ፤
ማሰሮ ሲያበጅ ሰው ያየው ይህ እጅ
በከበባው ወራት፣ ውሻ እንኳ ሲጠፋ፣
በውድቅት ሌሊት የዔግላን ደጅ ገፋ።

ከመኝታዋ ሥር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣
አንድ ማሰሮ ዱቄት፣ የገብስ፣ ግማሽ ሆኖ።
ማሰሮውን አወቅሁት፤ የእጄ ሥራ ነበር፤
ጆሮው ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ፣ በጨለማም ቢዳበስ የማይሰወር።
ሕፃኑ ከደረቀ ጡት ላይ ተጣብቋል።
አየሁ።
አይቼ ወሰድኩ።
በስምንተኛው ቀን ልጁ ተቀበረ፤
በእኔ ሆድ ውስጥ ግን የሷ ገብስ ነበረ።

ባዶውን ማሰሮ ሌሊት መለስኩላት።
ሲነጋ አነሣችው፣ ጆሮውን ዳሰሰች፤
በጣቷ ጣቴን አገኘች፤
ቀና አለች፣ ወደ ቤቴ።

አሁን በአንድ ተረተር አብረን እንውላለን፣
እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ ወይን እንገርዛለን።
ጧት ጧት ታዲያ፣ ጤዛው ገና ሳይነሣ፣
በደጄ ድንጋይ ላይ፣ በወይን ቅጠል ተጠቅልሎ፣
ቁራሽ ቂጣ። አንዳንዴም ዘቢብ።
አንድ ቀን ግማሽ ሽንኩርት፣ የጥርስ ምልክት ያለበት።

የመጀመሪያውን መርዝ ነው ብዬ ለቁራ ጣልኩት፤
ቁራው በልቶ በረረ።
በማግስቱ አፈርኩ። በሦስተኛው በላሁ።
በአርባኛው ግን እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤
ወጣሁ ወደ ማሳዋ፣ ጉልበቴ እየደከመ።

«ዔግላ፣ ዕዳዬን ቁጠሪ። ውገሪኝ፣ እርገሚኝ፤
በዚህ በቂጣሽ ግን በየጧቱ አትቅበሪኝ።»

የደረቀ ሐረግ ቆረጠች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።
ከዚያ እንዲህ አለች፣ ሳታየኝ፣ ለወይኑ እንደምትነግር፦

«አልወደድኩህም፣ ኔሪ። እንዳይመስልህ።
ስነቃ መጀመሪያ ፊቴ የሚመጣው ያንተ አንገት ነው።
ግን ጧቱን ራሱን ማን ሰጠኝ?
እኔም እኮ ለሰማይ ንግሥት እንጎቻ የጋገርኩ ነኝ፤
በአምላኬ ፊት፣ በገዛ እህሉ።
መቅደሱ ሲጨስ ‹በቃ፣ አሁንስ ተወኝ› አልኩ፤
በማግስቱ ጤዛ ወረደ፤
የከዳውን ካልከዳው ሳይለይ፣ በተቃጠለው ግንድ ላይ ወረደ።
አልተወኝም። ክንዴን ይዞኛል፤ ይጠብቃል፣ ያማል፤
እሱ እኔን ሲጎትት እጄ አንተን ይስባል።
ይኸው ነው ነገሩ።
ቂጣህን ብላ።»

በቋንቋችን ምሕረትና ማሕፀን ከአንድ ሥር ይበቅላሉ፤
ሌዋውያን ሲያነቡ ስሰማ የቃል ጨዋታ ይመስሉኝ ነበር።
ያን ቀን ግን አየሁት፦
የተራቆተ ማሕፀን፣
የገዛ ልጁን ገዳይ ሲያምጥ።

ጭቃ ረገጥኩ፣ ከዓመት በኋላ።
አንድ ማሰሮ ሠራሁ፤ ጆሮው ላይ አሻራዬን አላጠፋሁም።
ከመጀመሪያው መከር ገብስ ሞልቼ፣ ከደጇ አኖርኩት።
አልወሰደችውም። አልመለሰችውም።
ክዳኑ እንደተደፋ ነው፤ ጤዛ ጠጥቷል።

በእኔም ድንጋይ ላይ ቂጣው አለ፤ ዛሬ ትኩስ ነው።
ዕዳው አልተከፈለም።
ጧቱም አልቀረም።